ከካራቆሬ በታች የወደቀው አውሮፕላን

ይልማ በሸዋ ሮቢት የሚታወቀው በሁለት ነገር ነበር፤ የመስኖ ፓምፕ በመጠገንና ስለ አውሮፕላን በመጻፍ። በጣልያን ወረራ ጊዜ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር። ከነጻነት በኋላ ሮቢት ገብቶ በሥራ ቀን ሞተር ይፈታል፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ለአንድ የአዲስ አበባ ጋዜጣ ይጽፋል። ክንፍ ያን ሁሉ ክብደት እንዴት እንደሚሸከም፣ ሞተር ከፍታ ላይ ለምን እንደሚደክም ማንም በሚገባው አማርኛ ያስረዳ ነበር።

በ1959 ዓ.ም. ጽሑፎቹ በመጽሐፍ ታተሙለት። ሰው ከሁሉ አብልጦ የወደደው ስለ አብራሪው ስለ በላይ የሚናገረውን ምዕራፍ ነበር። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ይልማና በላይ ከደሴ መልእክት ይዘው ሲመለሱ ሞተሩ ጠፋና ከካራቆሬ በታች ሜዳ ላይ ወደቁ። «በላይ ክንዴ ላይ አረፈ፤ በእጄ ቀበርኩት» ይላል መጽሐፉ።

በጥር ወር አንድ ጠዋት ይልማ ፓምፕ ፈትቶ ተቀምጦ ሳለ፣ ጠና ያለች ሴት አቧራ እንደለበሰች መጣች።

«ስለ አውሮፕላን የሚጽፉት አንቱ ኖት?»

«ነኝ፣ እትዬ። አረፍ ይበሉ።»

«ሙሀባ እባላለሁ። የእህቴ ልጅ ሷሊሕ መጽሐፍዎን አነበበልኝ።»

ይልማ እንደለመደው ምስጋና ጠበቀ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፈገግ አለ።

«በላይን የት ነው የቀበሩት?»

«እዚያው ሜዳው ላይ፣ ግራሩ ሥር።»

«እኔ ደግሞ መንደራችን መቃብር ነው ያስቀበርኩት። ባሌ ነበር።»

«ማን?» አለ ይልማ፣ የሰማው እንዳልገባው ሁሉ።

«አባቴ ናቸው ያገኙት። ወገቡ ተሰብሯል፤ ግን ይተነፍሳል። ጣልያን እንዳይደርስበት ደበቅነው። በኋላ ሰለመ፤ ስሙም ተለወጠ፤ እኔንም አገባኝ። በምርኩዝ እየሄደ አምስት ዓመት ኖረ። ጣልያን ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው ወባ ወሰደው።»

ይልማ እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ ፓምፑ ላይ አስቀመጠ። ያን ቀን የበላይን ፊት ደም ሸፍኖት ነበር። አንዴ ጠራው፤ መልስ የለም። ከላይ የጠላት አውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ሮጠ። ጆሮውን እንኳ ወደ ደረቱ አላስጠጋም። የቀብሩን ወሬ ከዓመታት በኋላ ጠጅ ቤት ውስጥ ነው የፈጠረው። ሲደጋግመው ለራሱም እውነት ሊመስለው ደርሶ ነበር።

«ስለ እኔ... ምን ይል ነበር?»

«ይልማ ውሃ ሊያመጣልኝ ሄዶ ጣልያን ገደለው ይል ነበር። በየሐሙሱ ዱዓ ሲደረግ ስምዎን ያስጠራ ነበር፤ እኛም አሚን እንል ነበር። ሷሊሕ ሲያነብልኝ ታዲያ ክው አልኩ፤ የሞተ ሰው መጽሐፍ ጽፎ! ውሃ ሲፈልጉ መንገዱ ጠፍቶብዎት ነው፣ ጋሼ?»

አዎ ማለት ይችል ነበር። መልሱን ራሷ አዘጋጅታ ሰጥታዋለች።

«አይደለም» አለ። «ውሃ ፍለጋ አልሄድኩም። ፈርቼ ሮጥኩ።»

ሙሀባ የልብሷን አቧራ አራግፋ ተነሣች።

«እንኳን ይህን ሳይሰማ ሄደ» አለችና ወደ አውቶቡሱ መንገድ ወጣች።

ይልማ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። በአራተኛው ቀን እውነቱን ጽፎ ለጋዜጣው ላከ። አዘጋጁ «ሰው የወደደውን ታሪክ ለምን ታበላሻለህ?» ብሎ ቢለምነውም እሺ አላለም፤ ጽሑፉ ወጣ። የድሮ ባልደረቦቹ ሰላምታ ነሡት። የአንባቢዎቹም ደብዳቤ ተቋረጠ።

በየካቲት ከካራቆሬ በታች ወዳለው የሙሀባ መንደር ሄደ። ሙሀባ ግባም አላለችው፣ ሂድም አላለችው፤ መቃብሩን ሷሊሕ እንዲያሳየው አደረገች። ይልማ ድንጋዮቹ አጠገብ ባርኔጣውን ይዞ ቆመ። ማማተብ ይሁን እንደ ሙስሊሞቹ ፋቲሃ መቅራት፣ የቱ እንደሚገባ አላወቀም።

ሲመለስ አንዲት ወጣት ሴት የሙሀባ በር ላይ አገኘችው። የበላይ ልጅ ፋዲላ ነበረች።

«አባቴ ሲያበር እንዴት ያለ ሰው ነበር?» አለችው።

ይልማ ባርኔጣውን እንደያዘ ቀና ብሎ አያት።

«ይዘፍን ነበር» አለ። «ሞተሩ ሲጮህ ማንም የማይሰማው እየመሰለው ይዘፍን ነበር።»

«እኛ ቤት አንድም ቀን ዘፍኖ አያውቅም» አለች ሙሀባ ከውስጥ።