የእህቴ የልብ ቀዶ ጥገና ተራ

እህቴ አሰበ ተፈሪ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። እኔ ሂርና ስለማስተምር ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤት እመጣለሁ፤ እሷም አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ወርዳ ትቀበለኛለች። ከዚያ እስከ ቤታችን ያለው ዳገት አጭር ነው። እሷ ግን መሃል ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን የምታስር መምሰል ጀመረች። ጫማዋ ማሰሪያ እንደሌለው ያስተዋልኩት በሦስተኛው ቅዳሜ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን ታምማ፣ ሰንበት ብሎ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ ተራ በተራ አብጦ ነበር። እናታችን ብርድ ነው ብላ በቅቤ አሸቻት። እብጠቱ ጠፋ፤ እኛም ረሳነው።

በዚያ ዘመን ሐረርጌ ውስጥ የኩባ ሐኪሞች ይሠሩ ነበር። አንደኛው በግራ ጎኗ አስተኝቶ ደረቷን ብዙ አዳመጠ። ከዚያ በአስተርጓሚ ነገረን። ያ የልጅነት ሕመም ከጉልበቷ ቢወጣም ልቧን ነክቷል፤ በልቧ ክፍሎች መሃል ደም የሚያሳልፈው ቫልቭ ጠቧል፤ ክኒን ያስታግሳታል እንጂ አይከፍተውም። የሚከፍተው ቀዶ ጥገና ብቻ ነው። እናቴ ታዲያ የት ነው የሚሠራላት ብላ ጠየቀች። አስተርጓሚው ሐኪሙን እንኳ ሳይጠይቅ፣ «ውጭ አገር ነው፣ እማማ» አላት።

ሦስት ዓመት ማመልከቻ ጻፍን። ጻፍን እላለሁ እንጂ የምትጽፈው እሷው ነበረች። በምሳ ሰዓት መሥሪያ ቤት ትቀርና ስለ ራሷ «ሕመምተኛዋ» እያለች በታይፕ ትመታለች። ማመልከቻው ከቀበሌ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ አዲስ አበባ የሐኪሞች ቦርድ ሄደ። መልሱ ሁሌ ጠብቁ ነው። በመሃሉ ቦኬ የሚያስተምር አንድ ደህና ልጅ ሽማግሌ ላከ። ሐኪሙ ማርገዝ ይገድላታል ብሎ ስለነበር፣ እሷ ራሷ ልጁን አስጠርታ እውነቱን ነገረችው። ልጁ እጠብቅሻለሁ አለ። በዓመቱ ሌላ አገባ፤ እሷም ሠርጉ ላይ ተገኘች።

በመጨረሻ ደብዳቤ መጣ። የውጭ አገር የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ለሁለት ሳምንት አዲስ አበባ ስለሚመጡ ሕመምተኛዋ ትቅረብ ይላል። ጎረቤታችን የነበሩት ሙስሊም ባልቴት ዱዓ አደረጉላት፤ እናቴም ለቅድስት ማርያም ተሳለች። እኔና እህቴ በአውቶቡስ ሄድን። አዋሽ ስንደርስ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። «ሙቀቱ ነው» አለችኝ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ከአልጋዋ ጎን አንዲት አሥራ አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ ተኝታለች። ልጅቷም ተራ ጠባቂ ናት። ሐኪሞቹ ሁለቱንም ሁለት ቀን ሲመረምሩ ቆዩ። በሦስተኛው ቀን ልጅቷን በተሽከርካሪ አልጋ ወሰዷት፤ እህቴ እስከ በሩ ድረስ እጇን ይዛ ሸኘቻት። እኔን ደግሞ አንድ የእኛው አገር ሐኪም ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ።

«ቫልቩ ብቻ ቢሆን እንከፍተው ነበር» አለኝ። «ደም ወደ ኋላ እየተገፋ ስለኖረ የሳንባዋ የደም ሥሮች ጠንክረዋል። ዛሬ ቀዶ ጥገና ቢደረግላት ከጠረጴዛው አትነሳም።»

«ከሦስት ዓመት በፊት ቢሆንስ?»

መሬት መሬት እያየ፣ «ያኔ ይቻል ነበር» አለ።

ወደ እሷ ስመለስ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። መሣሪያ ጎድሏቸው ለሚቀጥለው ዓመት አዛወሩሽ ልላት ነው። ገና ስጀምር እጄን ያዘችኝ።

«አትድከም፤ እንግሊዝኛ እሰማለሁ እኮ። ሐኪሞቹ እዚሁ አጠገቤ ቆመው ነው የተነጋገሩት።» ቀጥላም፣ «ለእማዬ ግን ያሰብከውን ንገራት» አለችኝ።

ቤት ስንመለስ ነገርኳት። እናቴ ደስ አላት፤ ለጎረቤቱ ሁሉ ለከርሞ ቀጠሮ ተሰጥቷታል ብላ አወራች። ለእህቴ ለመንገድ የሚሆን ሹራብ መሥራት ጀመረች። እህቴም ክንዷን ዘርግታ ትለካላታለች፤ እጅጌው ይርዘም፣ አዲስ አበባ ይበርዳል ትላታለች። አጠገባቸው ተቀምጬ ይህን መስማት ያቅተኝና ወደ ውጭ እወጣለሁ።

ከጥር በኋላ ሥራ መሄድ ተወች። እግሯ አበጠ፤ ጋደም ስትል ስለሚያፍናት ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ነው የምታንቀላፋው። አንድ ቀን ልታጽናናኝ ብላ፣ የሚያሳዝነኝ መሞቴ ሳይሆን ልቤ አንድ ቀን እንኳ ያለ ድካም እንዴት እንደሚመታ ሳላውቅ መቅረቴ ነው አለችኝ። ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ረፋድ አረፈች። እኔ ሂርና ነበርኩ።

እናቴ እስከ ዛሬ ልጄ ተራዋ ሳይደርስ ሞተች ብላ ነው የምታምነው። ጥቂት ወር ብትታገስልኝ ኖሮ ትላለች፤ አንዳንዴ እህቴን የምትወቅስ ያህል። እውነቱን ልነግራት ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። ተራዋ ደርሶ እንደነበር፣ የደረሰው ግን ከረፈደ እንደሆነ መንገር ምን ይጠቅማታል?