አባ ቁልፍና ደረቁ ቦኖ

ሰፈሩ ሁሉ አባ ቁልፍ ነው የሚለው። ከትከሻው የማይወርድ ቁልፍ አለው፤ የቤት ቁልፍ እንዳይመስላችሁ፤ ቁመቱ ከሰው ደረት የሚደርስ፣ ከላይ መስቀለኛ እጀታ፣ ከታች ደግሞ አራት ማዕዘን አፍ ያለው ብረት ነው። መንገድ ዳር ያሉትን የብረት ክዳኖች እያነሣ ያንን ቁልፍ ወደ ጉድጓዱ ይሰድና መሬት ውስጥ የተቀበረውን ቫልቭ ያዞርበታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንጀራው ይህ ነው፦ ለአንዱ መንደር ውሃ መክፈት፣ ለሌላው መዝጋት፣ ተራ ሲደርስ ደግሞ መገልበጥ።

የትምህርት ቤቱ ቫልቭ በአሥራ አራት ዙር፣ የገበያው በአሥራ ስምንት፣ የጤና ጣቢያው በሃያ ሁለት ዙር እንደሚከፈት በቃሉ ያውቃል። ከፍቶ ሲጨርስ ጎንበስ ይልና ጆሮውን ከቁልፉ እጀታ ላይ ያሳርፋል። ውሃው ከመጣ ብረቱ ያንሾካሹካል። ያን ጊዜ ዝግ ባለ ድምፅ «ተመስገን» ይልና ክዳኑን መልሶ ይሄዳል። ይህን ያህል ዓመት ሠርቶ ይህን ቃል ሳይናገር ክዳን የመለሰበት ቀን ትዝ አይለውም፤ ያ ማክሰኞ እስኪመጣ ድረስ።

የማክሰኞውን ነገር ለመረዳት መጀመሪያ የፓምፑን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ድሮ ውሃው ቀጭን ቢሆንም ለሁሉም ይደርስ ነበር። አንድ ክረምት ልብስ ሰፊው ከዋናው ቧንቧ ውሃ የሚስብ ፓምፕ አስገጠመና በጆንያ ሸፈነው። ጆንያው ፓምፑን ደበቀው እንጂ ጩኸቱን አልደበቀውም። ጎረቤቱ በሳምንቱ ገጠመ። የጎረቤቱም ጎረቤት ቀጠለ። ዓመቱ ሲያልቅ ፓምፕ የሌለው ቤት ሞኝ ያለበት ቤት ተባለ። ሁሉም እኩል ሲስብ ደግሞ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያው የድሮው ነው፤ የተጨመረ ነገር ቢኖር ጩኸቱ ነው። ይህን ለማወቅ ማንም ትምህርት ቤት መሄድ አያስፈልገውም ነበር፤ አባ ቁልፍን የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። የመስመሩ መጨረሻ ላይ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ፓምፕ የሌለው አንድ ቤት ብቻ አለ፤ ጤና ጣቢያው። የሚደርሰው ከሁሉም የተረፈው ነው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የምታዋልደው ነርስ የአባ ቁልፍ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች በኋላ አባትና ልጅ አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። እሷ ስለ ሥራዋ ብዙ አታወራም። ከሥራ ስትመለስ እጇን ደጋግማ ስትታጠብ ካየ ግን ቀኑን ሙሉ በባልዲ ውሃ ሲያብቃቁ እንደዋሉ ይገባዋል።

ታዲያ መንግሥት ለሰፈሩ አዲስ ቦኖ ሊሠራ ነው ተባለ። አባ ቁልፍ ደስ አለው። ቦኖው ግን ተሠርቶ ሲያየው ክው አለ። ሰው የሚበዛው ታች ገበያው ጋ ሆኖ ሳለ ቦኖው የተተከለው ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ጥላ ካለው ዛፍ ሥር ነው። ለምን ብሎ ቢጠይቅ፣ ለምረቃው ድንኳን የሚተከልበትና መኪና የሚቆምበት ሜዳ እዚያ ስላለ ነው አሉት። በዚያ የሚያልፈው ቧንቧ ደግሞ አንድ ነው፤ ያ ወደ ጤና ጣቢያው የሚወርደው ቀጭን ቧንቧ። ቦኖውን በእሱ ላይ ቀጠሉት።

ለውሃ ቢሮው ኃላፊ ሄዶ አስረዳው። ኃላፊው በዕድሜ ልጁ ሊሆን የሚችል፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነው። አባ ቁልፍ ወረቀት ላይ ሥሎ አሳየው፤ ቦኖው ላይ፣ ጤና ጣቢያው ታች። ታችኛው ቫልቭ እስከተከፈተ ድረስ ውሃው ወደ ታች ይሄዳል እንጂ ቦኖ ተመረቀ ብሎ ሽቅብ አይወጣም አለው።

«በጣም ጥሩ» አለ ኃላፊው፣ መፍትሔ ያገኘ ሰው ሆኖ። «እንግዲያው ምረቃው ማክሰኞ ነውና ሦስት ሰዓት ላይ የጤና ጣቢያውን ይዝጉታል፣ አራት ሰዓት ላይ ይከፍቱታል። አንድ ሰዓት ናት ጋሼ። በአንድ ሰዓት ማን ይሞታል?»

አባ ቁልፍ ሌላ መንገድ አቀረበ። ለዚያች አንድ ጠዋት ሰፈሩ ፓምፑን ቢያጠፋ ውሃው ለሁለቱም ይበቃል። ፓምፑም ቢሆን እኮ በሕግ የተከለከለ ነው። ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምርጫ እየደረሰ ሰውን ፓምፕህን አጥፋ ማለት ደግ እንዳልሆነ ነገረው። ከጀርባው የተጠቀለለው ሰንደቅ ላይ «ውሃ ለሁሉም» የሚለው ግማሹ ይታይ ነበር።

ሰኞ ከሥራ በኋላ ራሱ ቤት ለቤት ዞረ። እለምናችኋለሁ፣ ነገ ጠዋት ብቻ አለ። እምቢ ያለው አንድም ሰው አልነበረም፤ ያስቸገረውም ይኸው ነው። ሁሉም ሐሳቡን ወደደው፤ ሁሉም ሌላው እንዲጀምር ፈለገ።

«እኔ አጥፍቼ ሌላው ካላጠፋ ማን ሊጠቀም ነው?» አለ ልብስ ሰፊው፣ መርፌውን ከከንፈሩ ሳያወጣ።

«እናቶች ናቸዋ የሚጠቀሙት።»

«እሱማ ልክ ነህ። ግን እኔ ብቻ ሞኝ ልሁን? መጀመሪያ መምህሩ ያጥፉ።»

ጡረተኛው መምህር ስለ ራስ ወዳድነት ለጋዜጣ ደብዳቤ የሚጽፉ የተከበሩ ሰው ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ፓምፕ አለ፤ ሁለተኛው አንዱ ቢበላሽ ተብሎ የተቀመጠ ነው። ለአባ ቁልፍ ወንበር ሰጥተው ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ኅብረተሰቡ የግንዛቤ ጉድለት አስረዱት። እሱም ሰማ። ሲጨርሱ፣ ነገ ያጠፉልኛል ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

«ይሄ በእኔና በአንተ የሚሆን አይደለም። ከላይ መምጣት አለበት» አሉት።

«ከላይ የሚመጣው ውሃው ነው መምህር። እሱንም እርስዎ እየሳቡት ነው።»

መምህሩ ሳቁ፤ ጨዋታ አዋቂ ነህ ብለው ትከሻውን መታ መታ አድርገው ሸኙት። ከበሩ ሳይርቅ ፓምፑ ሲነሣ ሰማው።

ማክሰኞ በሦስት ሰዓት የጤና ጣቢያውን ቫልቭ ዘጋ። ሃያ ሁለት ዙር። ለልጁ አስቀድሞ ስለነገራት ሁለት በርሜል ሞልታ ነበር፤ ለአንድ ሰዓት ይበቃል። ክዳኑን መለሰና ተመስገን ሳይል ሄደ።

ቦኖውን ሊመርቁ የተጠሩት የክብር እንግዳ አራት ሰዓት ሲሆንም አልመጡም። በአምስትም አልመጡም። ድንኳኑ ውስጥ ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰው፣ ጠረጴዛዎቹ ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሮ፣ ድምፅ ማጉያው «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» ይላል። ሰፈሩ በዛፉ ጥላ ተኮልኩሏል። አባ ቁልፍ በየግማሽ ሰዓቱ ኃላፊው ዘንድ እየሄደ ልክፈተው ይላል። ኃላፊው ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ፣ ተነሥተዋል፣ መንገድ ላይ ናቸው ይለዋል።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ልጁ ደወለች። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር፤ በጭንቅ ጊዜ እንደሚረጋጋ ያውቃል።

«አባዬ፣ አንዷ ወልዳ ደም እየፈሰሳት ነው። ሁለተኛዋ ምጥ ላይ ናት። የቀረኝ ግማሽ ባልዲ ነው። እጄን በምን ልታጠብ?»

እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ገባና እንግዳ ተቀባይዋን የታሸገውን ውሃ ለመናት። አንድ ሁለት ካርቶን፣ ለሚወልዱ ሴቶች ነው አላት። እንግዳ ተቀባይዋ ከልቧ አዘነችለት፤ ግን በእንግዳ ልክ የመጣ ስለሆነ ቢጎድል እኔ ነኝ የምጠየቀው አለችው። እንግዳ የሚባል ሰው እስካሁን አንድም አልነበረም። አባ ቁልፍ ወንበሮቹን አየ፣ ሰንደቁን አየ፣ ከዛፉ ሥር የተኮለኮለውን፣ ጠዋት ታንከሩን ሞልቶ የወጣውን ሕዝብ አየ። ማንንም አልተሳደበም። ቁልፉን ትከሻው ላይ አድርጎ ቁልቁለቱን ወረደ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ አዞረ። አሥራ አምስት ላይ ወገቡ ተያዘ፤ አላቆመም። ሃያ ሁለት። ጆሮውን ከእጀታው ላይ አሳረፈ። ብረቱ መጀመሪያ ዝም አለ፤ ከዚያ ከሩቅ እንደ ትንፋሽ ያለ ነገር መጣ፣ ቀጥሎም ማንሾካሾክ ጀመረ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ልጁ ደውላ «መጣ» ብላ ዘጋችው። ሌላ ቃል ለመጨመር ጊዜ አልነበራትም።

ወደ ላይ ሲመለስ የእንግዳው መኪናዎች ተደርድረው ደረሱ። ንግግሩ አርባ ደቂቃ ፈጀ። እንግዳው በዚህ አካባቢ ከእንግዲህ አንዲት እናት በውሃ እጦት አትቸገርም አሉ፤ ከዚህም በፊት ተቸግራ እንደማታውቅ ጨመሩ። ከዚያ ጥብጣቡን ቆርጠው ቦኖውን ከፈቱት።

ቦኖው ሳለ። ትንሽ ዝገት ተፋ። ከዚያ አየር ብቻ «ሽሽሽ» አለና ጸጥ አለ።

አባ ቁልፍ ከኋላ ቆሞ ነበር። በቃ፣ አሁን አንድ ሰው «የታለ ውሃው» ይላል፤ እኔም ወጥቼ ምክንያቱን እናገራለሁ ብሎ ተዘጋጀ። እንግዳው መዳፋቸውን ከደረቁ ቧንቧ ሥር ዘረጉ። ኃላፊው ማጨብጨብ ጀመረ። ድንኳኑ ሙሉ ተከተለው። ልብስ ሰፊው አጨበጨበ፤ መምህሩም ከወንበራቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። አንዲት ሴት ፎጣ ይዛ ቀረበች፤ እንግዳው ደረቅ እጃቸውን በፎጣው አደራርቀው ፈገግ እያሉ ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ያን ቀን ሁለቱም ሴቶች ተርፈዋል፤ ሕፃናቱም ደኅና ናቸው። አባ ቁልፍ ስለዚህ ፈጣሪውን አመሰገነ። ሌላው ነገር ግን ከጉሮሮው አልወርድ አለው። የቦኖው ነገር በዜና ሲነገር የውሃ መፍሰስ ድምፅ ይሰማ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊውን ሲያገኘው፣ ውሃው እንዴት ነበር ብሎ ሆን ብሎ ጠየቀው።

«መቼም ትንሽ ቀጠን ያለ ነበር» አለ ልብስ ሰፊው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ቢሮ ሲገባ ኃላፊው ፈገግ ብሎ ተቀበለው። እባረራለሁ ብሎ የሄደው ሰው እንኳን ደስ ያለዎት ተባለ። የሥራ ሪፖርቱ ተተይቦ ቀርቧል፤ የሚቀረው የእሱ ፊርማ ነው። «ውሃው በተፈለገው መጠን ወርዷል» ይላል።

«አልወረደም» አለ አባ ቁልፍ። «ያልወረደውም እኔ የታችኛውን ስለከፈትኩት ነው። ብትቀጣኝ ቅጣኝ፤ ይህን ግን አልፈርምም።»

«ጋሼ፣ ምን አጠፉ ብዬ ነው የምቀጣዎት? ሕዝቡ ሁሉ አይቷል እኮ፣ ወርዷል።»

አባ ቁልፍ ሰው በውሸት ሲከሰስ አይቷል፤ እውነቱን ተናግሮ ለመቀጣት እንኳ የሚከለከል ሰው ግን ሰምቶ አያውቅም። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጦ ከኪሱ ወረቀት አወጣና የራሱን ሪፖርት በእጁ ጻፈ። እሱ የተማረው አራተኛ ክፍል ድረስ ነው፤ የቀረውን በራሱ እያነበበ ነው የለመደው፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ ጻፈ። ስንት ሰዓት እንደዘጋ፣ ስንት ሰዓት እንደከፈተ፣ ለምን እንደከፈተ፣ ቦኖው እንደደረቀ አሰፈረ። ከታች አንድ ጥያቄ ጨመረ፤ የጤና ጣቢያው ቫልቭ ከእንግዲህ ያለ ጤና ጣቢያው የጽሑፍ ፈቃድ እንዳይዘጋ። ፈርሞ ወደ መዝገብ ቤት ወሰደው።

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ መልሳ ከመጀመሪያው ጀመረች።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ስቀመጥ» አለች፣ «አልተሳካም የሚል ሪፖርት ሲመጣልኝ የመጀመሪያዬ ነው። የት ፋይል ውስጥ እንደማስገባው እንጃ።»

«አይቀበሉኝም ማለት ነው?»

«ለምን አልቀበልም? ማኅተም መምታት ነው ሥራዬ። ውሃ ወረደ አልወረደ ብዬ አልጠይቅም።» ማኅተሙን መታችበት። ከመደርደሪያው ባዶ ፋይል አወረደችና ጀርባው ላይ ስም ሳትጽፍ ቁጥር ብቻ ጻፈችበት፤ ቁጥሩንም በቁራጭ ወረቀት ገልብጣ ሰጠችው። «ቁጥር የተሰጠው ጥያቄ በአሥራ አምስት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ማግኘት አለበት። ደንቡ ነው። ማንም አንብቦት ባያውቅም ደንቡ ነው።»

አባ ቁልፍ ወረቀቷን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ አስገባ።

«ካልመለሱልኝስ?»

«በአሥራ ስድስተኛው ቀን ይምጡ። እኔ እዚሁ ነኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሁለተኛዋ ምን ወለደች?»

«ሴት ልጅ» አላት። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ራሷን ነቀነቀችና ፋይሉን ከመደርደሪያው ፊት ለፊት፣ በዓይን በሚታይበት ቦታ አቆመችው። እሱም ቁልፉን ከግድግዳው ጥግ አንሥቶ ወጣ፤ የላይኛው መንደር ተራ አሥር ደቂቃ አልፎት ነበር።