ፎርክሊፍቱን በቅሎ ያደረገው ኃላፊ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። የተወጋውስ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ቂሙን ግን ያሳደግሁት እኔ ነኝ።

በዚያ የድርቅ ዘመን፣ መካነ ሰላም ካለው የእርዳታ እህል መጋዘን ወንድሜ ፎርክሊፍት የሚሉትን የጭነት ማንሻ መኪና ይነዳ ነበር፤ እኔ ጆንያ እሸከማለሁ። መንዳቱን የተማረው ኮምቦልቻ ነው። ሁለት ነገር አጥብቆ ይጠላ ነበር፤ ጭነት ከፍ አድርጎ መሄድና በብረት ክንዶቹ ላይ ሰው መጫን። «ይሄ በቅሎ አይደለም» ይላል።

የመጋዘኑ ኃላፊ ግን በቅሎ አምሮታል። አብዮቱ ባላባቱን ከበቅሎው ሲያወርደው ቦታው ለሱ የተለቀቀ መሰለው። በክንዶቹ ላይ የእንጨት ርብራብ አስነጥፎ፣ እዚያ ላይ ቆሞ፣ ቁልቁል እያየን መናገር ይመኛል። ወንድሜ እንቢ ስላለው ጥርሱን ነክሶበታል።

ዝናቡ ዘግይቶ በጣለ ሰሞን መጋዘኑን የሚቆጣጠሩ እንግዶች ከደሴ ይመጣሉ ተባለ። ኃላፊው ግቢው ውስጥ የተከመረው እህል ቶሎ ይግባ አለ። «ጓድ፣ መሬቱ ርሷል፤ ትንሽ ትንሽ ዝቅ አርገን እናስገባው» አለው ወንድሜ።

«አብዮቱ አንተን አይጠብቅም። ደርበህ ጫን፣ ከፍ አርገህ ሂድ።»

ሁላችንም ሰምተናል። ጎማው ጭቃው ውስጥ ሰመጠ፣ ፎርክሊፍቱ ተንጋደደና ወደቀ፤ የወንድሜ እግር ከሥሩ ቀረ። በማግስቱ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ተነስቶ «አሻጥር ነው» አለ። ያኔ ይህች ቃል ሰው ትበላ ነበር። የሰማን ሁሉ አንገታችንን ደፋን፤ ወንድሜን እግሩ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ወስደው አሰሩት። የነፍስ አባታችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለው መከሩኝ። እሺ አልኳቸውና ጸሎቱን ተውኩት።

ፎርክሊፍቱን በገመድ ጎትተን አቆምነው። ሌላ የሚነዳ ስለጠፋ ለኔ ሰጡኝ፤ ወንድሜን እያየሁ ለምጄው ነበር። እንግዶቹ የመጡ ቀን ኃላፊው ርብራቡን አስነጥፎ ላዩ ላይ ወጣና «አንሳኝ» አለኝ።

«ጓድ፣ ሰው አይጫንበትም፤ ይቅርብዎ» አልኩት፣ እንግዶቹ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ።

«አንሳ ብያለሁ።»

አነሳሁት። የመጋዘኑ ጣሪያ ማገር ጋ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩና ወረድኩ።

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ተቆጣ። ቀጥሎ ማገሩን በሁለት እጁ አቀፈ። አንቱታዬም እዚያው ላይ ቀረ። «ወንድሜን ከፍ አርገህ ሂድ ያለው ማነው? ንገራቸው» አልኩት። ወደ እንግዶቹ ዞሮ አየ። እኔ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ፤ የሚያስቸኩለኝ አልነበረም። ማገሩ ላይ ተጣብቆ ቁልቁል ሲያየን ደስ አለኝ፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። የእንግዶቹ አለቃ «ይመልስ እስቲ» አለ።

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አለ በመጨረሻ።

«አሻጥሩስ?»

«የለም። በናትህ አውርደኝ።»

ወንድሜን ፈቱት። እግሩ ግን እንደተጣመመ ቀረ። በቃሬዛ ተሸክመን ስናመጣው ያደረግሁትን ነገርኩት፤ ሰው ጫንክበት ብሎ ይቆጣኛል ብዬ ነበር።

«የእጅ ፍሬኑን ይዘህ ነበር?» አለኝ።

«ይዤ ነበር።»

«አብሽር፣ ደግ አረግህ። ወድቆ ቢሞት ኖሮ ሳነክስ ማን ያይልኝ ነበር?»

ኃላፊው ከሥራው ተባሮ ከገበያው በላይ ባለው ቤቱ ተቀመጠ። ወንድሜ በየገበያው ቀን ምርኩዙን ይዞ በደጁ ያልፋል። የኛ ቤት ያለው ከገበያው በታች ነው።