በአራት ኮምፒውተር የታጨደ ሠርግ

በዚያን ጊዜ ላሊበላ ውስጥ "ሠርግ ማን ይቅረጽልን?" ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው የእኔ ስም ነበር። ጉራ አይደለም፤ ጠይቁ። ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን መንገድ ዳር የቆርቆሮ ሱቅ ተሰጠን፤ ጓደኞቼ አንድ በአንድ ወደ አስጎብኚነት ሲሄዱ እኔ ከኮምፒውተሬ ጋር ቀረሁ። ካሜራው እንኳ የኔ አልነበረም፤ ሠርግ ሲመጣ ከደሴ እከራይ ነበር። ዓይኔና እጄ ግን የራሴ ናቸው።

የዚህ ሥራ ፈተናው ቀረጻው አይደለም፤ ሬንደር የምንለው ነው። ቀረጻው ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ከተቀናበረ በኋላ በዲቪዲ ማጫወቻ እንዲታይ ሆኖ እንደገና መጻፍ አለበት። ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ምስል ያነሳል፣ ያሳንሳል፣ ያስቀምጣል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። የአንድ ቀን ሠርግ አሥራ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ያውም መብራት ካለ። ያን ሰሞን ደግሞ መብራት በፈረቃ ነበር። መሃል ላይ ከጠፋ እንደገና ከዜሮ ነው። ስንት ጊዜ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ድርግም ብሎብኝ ስክሪኑን እንደ ሰው ተሳድቤያለሁ!

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሱቁን ገና ስከፍት አንድ ሚዜ እያለከለከ መጣ። ሚዜ የሆነበትን ሠርግ ያለፈው እሑድ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ሙሽሪት የሙጃ ልጅ ናት፤ ሙሽራው ከአሸተን ማርያም ግርጌ ነው።

"ጉድ ሆነናል፤ ልጅቷን ሊወስዷት ነው" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአገራችን ወግ የሴቷ ወላጆች ልጃቸውን መርቀው ይሸኛሉ እንጂ ወንዱ ቤት ድረስ አይከተሉም። እዚያ እንዴት እንደተቀበሏት የሚሰሙት ከአጃቢ አፍ ነው። ከአጃቢዎቹ አንዱ ታዲያ ሙጃ ተመልሶ፣ "የወንዱ እናት ከመቀመጫዋ ንቅንቅ አላለችም፤ ለልጃችን ኖር እንኳ አላለቻትም" ብሎ አውርቷል። ለገባ እንግዳ ብድግ ሳይሉ መቅረት ንቀት ነው፤ ለሙሽራማ ጭራሽ! የሴቷ እናት "ልጄን የናቀ ቤት መልስ አልደግስም፤ ልጄን አምጡልኝ" ብለው ተነስተዋል። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ሊሰበሰቡ ነው።

"የወንዱ እናት እኮ ዳሌያቸው ተሰብሮ ነው! ከአሸተን ሲወርዱ ወድቀው" አልኩት።

"ነገርናቸው። የሰበብ ስብራት ነው አሉን። ሙሽሪት ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ቪዲዮው አለ አይደል?"

ያቺን ቁራጭ ብቻ ላውጣላችሁ ስለው አሻፈረኝ አለ። ቆርጠው ቀጥለው አመጡ ይሉናል፤ ሠርጉን ከጠዋት ጀምሮ እንዳለ ማየት አለባቸው አለ። እውነቱን ነው። ይዤው ሄጄ በራሱ እንዳላሳያቸው ካሜራውም ወደ ደሴ ተመልሷል። የሙጃዋ መኪና ነገ በማለዳ ትወጣለች። መብራት ደግሞ እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ነው።

"ይደርሳል" አልኩ። አፌ ሁልጊዜ ይቀድመኛል፤ አእምሮዬ ከኋላ እየሮጠ ይደርስበታል።

እንደ እድል ሆኖ ያን ዕለት ቶሎ ደረሰበት። አንድ ሰው አንድ ማሳ ለብቻው ሲያጭድ ሳምንት ይፈጅበታል፤ ደቦ ከጠራ ግን በአንድ ቀን ያልቃል። ሠርጉን ቆራርጬ ለብዙ ኮምፒውተር ባካፍለውስ? ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፣ በመጨረሻ እቀጥለዋለሁ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ያደግኩት ደቦ ሲጠራ እያየሁ ነው።

ሚዜውን ይዤ ከተማውን ዞርኩ። ከአንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያውን ኮምፒውተር ለመንኩ፤ ከፎቶ ቤት ሌላ አገኘሁ። ከእኔው ጋር አራተኛ የሚሆነውን የሰጡን ጋሼ ናቸው። ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ሲሆኑ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። ኮምፒውተራቸው ከነስክሪኑ የወፍጮ ድንጋይ ያክላል። በቃሬዛ ተሸክመነው ስንመጣ መንገደኛው "ማን ታመመ?" እያለ ይጠይቀን ነበር። ጋሼ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከኋላ ይከተላሉ።

ሱቄ ውስጥ አራቱን ደረደርኩ። የሆቴሉ ኮምፒውተር ባለ ሁለት ኮር ነው፤ በአንድ ቆዳ ውስጥ ሁለት ሠራተኛ አለ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ግን አንዱን ብቻ ነበር የሚያሠራው፤ ሌላው ቁጭ ብሎ ያያል። ምን ገዶኝ! ፕሮግራሙን ሁለት ጊዜ ከፈትኩና ድርሻውን ለሁለት ሰንጥቄ ሁለቱንም አሠራኋቸው።

ስህተቱን የሠራሁት በማካፈሉ ላይ ነው። ሠርጉን ለአራት እኩል ከፈልኩት። ይሉኝታ ያዘኛ! ጋሼ አጠገቤ ቆመው እያዩ እንዴት አድርጌ ለእርሳቸው ያነሰ ልስጥ? ጭራሽ ብዬ ለትልቅ ሰው ትልቁ ነገር ይገባል በሚል የመጨረሻውን ክፍል፣ ሙሽሪት ወንዱ ቤት የምትገባበትን፣ ለእርሳቸው ኮምፒውተር ሰጠሁ። ጋሼ ደስ ብሏቸው ዱካዋን፣ ያቺን በርጩማዬን፣ ሳቡና ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የሆቴሉ ጨረሰ። የፎቶ ቤቱና የእኔ ተከተሉ። የጋሼ ኮምፒውተር ሲሶውን እንኳ አላገባደደም። ጋሼ ግን "አይዞህ፣ በርታ" እያሉ ያበረታቱታል። ሚዜው በር ላይ ቆሞ አንዴ ፀሐይዋን አንዴ እኔን ያያል። ደሜ ፈላ። ሦስቱ ሥራ ፈትተው አንዱ ሲያቃስት ማየት እንዴት ያናድዳል! ግን ጋሼን ምን ልበላቸው? ኮምፒውተርዎ አርጅቷል? በሕዝብ ፊት በቃሬዛ አስመጥቼ?

ያኔ ነው ደቦው በሙሉ ትዝ ያለኝ። በደቦ ላይ አንድ አዛውንት ከኋላ ሲቀሩ ማንም ደከሙ አይላቸውም። የራሳቸውን የጨረሱት ጎረምሶች ወደ ማሳው ወዲያኛው ጫፍ ይዞሩና እያጨዱ ወደ እሳቸው ይመጣሉ። መሃል ላይ ይገናኛሉ፤ ነዶው ይታሰራል፤ አለቀ።

"ጋሼ፣ እርስዎ እንደጀመሩት ይቀጥሉ፤ እኛ ከወዲያ ጫፍ እየመጣንልዎ ነው" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ከገበሬ ቤት የወጡ ናቸው፣ ገባቸው። "ኑ እንግዲህ፣ መሃል ላይ እንገናኝ" አሉና ሳቁ።

የቀረውን ከጅራቱ በኩል ሸንሽኜ ለሦስቱ አደልኩ። ለፈጣኑ ብዙ፣ ለዘገምተኛው ጥቂት፤ አሁንማ ይሉኝታ የለም። የጋሼ ኮምፒውተር የኛ ሥራ የጀመረበት ደቂቃ ላይ ሲደርስ አስቆምኩት፤ በወጉ ሲያስቆሙት እንደ መብራት መጥፋት አይደለም፣ እስከዚያ የጻፈው ደህና ሆኖ ይቀመጣል። ሁሉንም ቀጣጥዬ ዲስኩ ላይ ጻፍኩ። ዲስኩ ከማሽኑ ወጥቶ እጄን ሲያሞቀኝ መብራቱ ሄደ። ሚዜው እኔን ትቶ ጋሼን አቀፋቸው። የተገናኘንበትን ቦታ ሳየው የወንዱ እናት አቀባበል ሙሉ በሙሉ የጋሼ ኮምፒውተር ራሱ በጻፈው ውስጥ ነበር። ኋላ ላይ ጋሼ ይህን ሳያነሱ የዋሉበት ቀን የለም።

በማግስቱ ከሚዜው ጋር ሙጃ ሄድን። የሙሽሪት ወላጆች ቤት ሽማግሌዎች ግድግዳውን ታከው ተቀምጠዋል። የሴቷ እናት ጥግ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ስበው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ነበር። ሰላምታችንን እንኳ በግድ ነው የመለሱልን። ቴሌቪዥንና ዲቪዲ ማጫወቻ ከጎረቤት አመጡልን፤ ዲስኩን ከተትኩ። ሠርጉ ከጠዋት ጀምሮ መሄድ ያዘ፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እያዩ ተጎሻሸሙ። ሴትዮዋ ዞር አላሉም።

ሙሽሪት ወንዱ ቤት ስትደርስ እልልታው ቤቱን ሞላው። ያኔ ቀስ ብለው ዞሩ።

የወንዱ እናት መደብ ላይ ናቸው፤ አንድ እግራቸው ተዘርግቷል። ሙሽሪትን ሲያዩ ፊታቸው በራ። "ኖር! ኖር ልጄ!" እያሉ በሁለት እጃቸው መደቡን ተደግፈው ሊነሱ ሞከሩ፤ ግማሽ ደርሰው ወደቁ። እንደገና "ኖር" አሉ። የአንዱን ትከሻ ጨብጠው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ላብ ግንባራቸው ላይ እያበራ ሞከሩ። አሁንም እምቢ አላቸው። በሦስተኛው ሙሽሪት ቬሏን እየጎተተች ሮጣ ጉልበታቸው ሥር ወደቀች።

እኛ ካለንበት ቤት ጥግ ዱካ ተንኳኳ። የሴቷ እናት ተነስተው ቆመዋል፤ ሁለት እጃቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ተዘርግቷል።

"በእግዜር! ኧረ በእግዜር፣ በሞቴ አይነሱ! ይቀመጡ!"

የወንዱ እናት ስክሪኑ ውስጥ ተደግፈው በደህና እስኪቀመጡ ድረስ የሴቷ እናትም አልተቀመጡም።