ጭሱ የት ሄደ?

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ የሳልህ ታክሲ ሰው ሲሳፈርባት አልሄድ እያለች አስቸገረችውና፣ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ጀርባ ወዳለው ጋራዥ ሲወስዳት አብሬው ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም። ወንበር ይስጡኝ እንጂ መኪና ሲፈታ ማየት ለእኔ ከሠርግ አይተናነስም። ሜካኒኩ ስልክ የምታክል መሣሪያ ከመሪው ሥር ሰካና ዳሽቦርዱ ላይ የበራችውን ቢጫ መብራት እያየ ራሱን ነቀነቀ።

«ወይ ኦክስጅን ሴንሰሩ ተበላሽቷል፣ ወይ ካታላይዘሩ ታፍኗል» አለ። «መሣሪያው ጥርጣሬውን ነው የሚነግረኝ።»

«ሴንሰር ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩት።

«አፍንጫ በይው፣ ኻልቲ ዘሀራ» አለኝ፣ እንደ ሳልህ አክስቴ ብሎ። «የጭሱ ቧንቧ ላይ ተሰክቶ ጭሱን ያሸታል። ካታላይዘሩ ደግሞ ጭሱን የሚያጣራው ነው።»

አፍንጫ ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ከብዙ ዘመን በፊት፣ እኔ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ አንድ ሹፌር መኪና አፍንጫ የለውም ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራክሮኝ ነበር።

ያ የረሃቡ ዘመን ነው። ከአርማጭሆ ወጥቼ ገዳሪፍ አጠገብ ካለ መጠለያ ገብቼ፣ ክሊኒክ በሚሉት የሸራ ድንኳን ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራዬ ውኃ ማጠጣት፣ ወተት መበጥበጥ፣ ከዚያም አንድ ሌላ ነገር ነበር። ሰው ተኝቶ ዝም ሲል፣ አንቀላፍቶ ይሁን ዐርፎ ማወቅ የሚያስቸግርበት ጊዜ ነበር። ድሬሰሩ ጥጥ ባዘቶ አድርገን አፍንጫው ሥር እንድንይዝ አስተማረን። ጥጡ ከተነቃነቀ ወደ ወተቱ እንሮጣለን። እንዲነቃነቅ እየለመንኩ ትንፋሼን ይዤ አየው ነበር፤ የራሴ ትንፋሽ እንዳያታልለኝም እፈራ ነበር።

ከአባቴ ጋር መንገድ ላይ ከተለያየን ወራት አልፈው ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሲል ከድንበር የመጣች ሴት «አባትሽን ሐምዳይት ዛፍ ሥር ተቀምጦ አይቼዋለሁ» አለችኝ። የዚህ አገር ጥቁር አፈር አንዴ ዝናብ ከጠጣ መኪና አያሳልፍም። ያን ጊዜ ድንበር ላይ የቀረ ሰው ክረምቱን ሙሉ እዚያው ነው፤ ክረምቱን ከቻለ። ስደተኞች ለማምጣት የመጨረሻው ሎሪ በማግስቱ እንደሚሄድ ሰማሁ። ሹፌሩ ዓም ኢድሪስ ነበር፣ «ዓም» አጎት ማለት ነው፤ ገዳሪፍ ያደገ የጎንደር ሰው፣ አማርኛው ከዓረብኛ የተቀየጠ፣ ቁጣው ቶሎ የሚነድ ቶሎ የሚበርድ። ለምኜ ለምኜ ጋቢና አስገባኝ።

መንገድ ላይ ሸዋክ ከተማ ኪስራ የሚሉትን ስስ የማሽላ እንጀራ በወይካ፣ በባሚያ ወጥ፣ በላን። ወይካው ትኩስ ነበር፣ ጣቴን አቃጠለኝ፤ ያም ሆኖ ዓይኔ ከምሥራቁ ደመና አልተነሳም። ከዚያ ስንወጣ ሎሪው መድከም ጀመረ። ሲቆም ሞተሩ ደህና ይመስላል፤ ነዳጅ ሲረግጥ ግን ያቃስትና ይጠፋል። ዓም ኢድሪስ ወርዶ ማጣሪያውን አጠበ፣ ቱቦውን በአፉ ሳበና ናፍጣውን ተፋ።

«ዋላሂ ይሄ ናፍጣ ውኃ ነው!»

ትንሽ ሄድን፤ እንደገና ቆምን። በዚህ መሐል አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ጠዋት በመስታወቱ ሳይ ከኋላችን ጥቁር ጭስ ይጎተት ነበር። አሁን መንገዱ ጥርት ብሎ ይታያል።

«ዓም ኢድሪስ፣ ጭሱ የት ሄደ?»

«የምን ጭስ? አንቺ ደግሞ የሰው መከራ አይገባሽም? ዝናብ መጣ እኮ ነው የምልሽ!»

«ምናልባት ወደ ውስጥ እየተነፈሰ ወደ ውጭ አልተነፍስ ብሎ እንደሆነስ?»

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ መኪና አፍንጫ የለውም!»

ወርጄ ወደ ኋላ ዞርኩ። ከነጠላዬ ጫፍ ክር መዝዤ፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ቧንቧው አፍ ላይ ያዝኩት። እጄ ስለለመደ ያደረግሁት ነው፤ ብልሃት አልነበረም። ክሩ ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ። እንዲያ የማይነቃነቅ ጥጥ ድንኳኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ዓም ኢድሪስ መዳፉን ቧንቧው ላይ ደቀነ፤ ድምፁ ተለወጠ።

«ሞቷል እንዴ?» አለኝ፣ እኔን ሐኪም አድርጎ።

ከመኪናው ሥር ገብቶ ማርሚታውን፣ የሞተሩን ድምፅ የሚያፍነውን በርሜል፣ በመፍቻ ሲመታው ውስጡ የሆነ ነገር ተንኳኳ። የማርሚታው የውስጥ ቆርቆሮ በዝገት ተበልቶ ወድቆ መውጫውን ደፍኖታል። የሞተሩ በኩል ያለውን ብሎን ፈቶ ማርሚታውን አወለቀና የጭነቱ ቦታ ላይ ወረወረው። ከዚያ ሞተሩን አስነሳ። እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ሎሪው ግን ጉልበቱ ተመለሰ፤ እየጮኸ በረረ።

ሐምዳይት ስንደርስ ዛፎቹ ሥር ሰው የለም። ጉልቻ ላይ የማሽላ ንፍሮ ይንተከተካል፤ በረባሶ ጫማ እዚህም እዚያም ወድቋል። ምን እንደሆነ የገባን ቆይቶ ነው። ድምፃችንን ሰምተው አውሮፕላን መጣ ብለው ጫካ ገብተዋል። አውሮፕላን ሸሽተው የመጡ ሰዎች ናቸው። ዓም ኢድሪስ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ።

አንድ ሰው ብቻ ግንድ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። አንድ መዳፉ መሬት ላይ ነው። ፊቱ ከስቶ አጥንቱ ቢወጣም ዓይኑን ዐወቅሁት።

«አባባ!»

አቅፌው ሳለቅስ በትከሻዬ በኩል ሎሪውን ያያል።

«ዘሀራዬ፣ ይሄ መኪና ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?»

«አንተ ለምን አልሸሸህም?»

«መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በመዳፌ ሰማሁ። አውሮፕላን ቦምብ ካልጣለ መሬት አያንቀጠቅጥም። መኪና ነው ብላቸው ማን ሰምቶኝ?»

ኮራሁበት። ሰዎቹ ከጫካ እስኪሰበሰቡ ጠብቀን ጫንናቸው፤ የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ መስታወቱ ላይ የወደቀው ዋናው መንገድ ላይ ከወጣን በኋላ ነው። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሮ እዚሁ ገዳሪፍ ተቀበረ። አንድ ነገር ግን አልጠየቅሁትም። ያን ቀን ወደ መኪናው ለማስገባት ሳነሳው እንደ ሕፃን ቀለለኝ፤ እግሮቹም አልቆሙለትም። አውቆ ነው የተቀመጠው ወይስ መሸሽ አቅቶት? ሁሉን ነገር ስጠይቅ የኖርኩ ሴት፣ ይህን ለመጠየቅ አንደበቴ እምቢ አለኝ።

ሜካኒኩ ሴንሰሩን ከታክሲዋ ቧንቧ ፈቶ አወጣ። በቀዳዳው ጭሱ ይውጣና ጉልበቷ ከተመለሰ የታፈነው ካታላይዘሩ ነው፤ ካልተመለሰ ሌላ ነገር እንፈልጋለን አለ። ሳልህ ጋራዡን አንዴ ዞረባት። ታክሲዋ እየጮኸች እንደ ድሮዋ ተፈተለከች፤ ሜካኒኩ እጁን እያወዛወዘ «ካታላይዘሩ ነው!» አለ። ሳልህ መልሶ አጠገቤ ሲያቆማት ሞተሩን አላጠፋም።

ከወንበሬ ተነሥቼ በጉልበቴ ተንበረከክሁና መዳፌን መሬቱ ላይ አሳረፍኩ። ጥቁሩ አፈር ከመዳፌ ሥር ይርገበገብ ነበር። አባባ ስለ መሬቱ አልዋሸኝም። ስለ እግሮቹ ግን መሬቱም የሚነግረኝ ነገር የለውም።

ሳልህ በመስኮት ብቅ ብሎ «ኻልቲ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለኝ።

«ምንም አልጠፋብኝ» አልኩት። «ሞተሩን ለትንሽ ጊዜ አታጥፋው።»