ብርብራ የፈሰሰበት ኅዳር

ቀይ አውራ ዶሮ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው አንገቱ ላይ ነው። ሌላው ሰው ሥጋውን ይገምታል፣ እኔ ላባውን። ባለፈው ሳምንት እንኳ ወልቂጤ ገበያ ውስጥ አንዱን አንስቼ አንገቱን ፀሐይ ላይ ሳገላብጥ ባለቤቱ «እትዬ፣ ይገዙታል ወይስ ያገቡታል?» አለኝ። ሳቂ! እኔም ስቄያለሁ። ግን ያ ወርቅማ ላባ በጣቶቼ መሀል ሲንሸራተት የወንዝ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ የቄጠማና የረጠበ ድንጋይ ሽታ። ከዚያ ያ የሆቴሉ ልጅ ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ። ስንት ዘመን አለፈው፣ ይኸው አሁንም ይፈላል።

አባዬ የመንገድ ሥራ ሹፌር ነበር። በወጣትነቱ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ሲያመላልስ ነው ዓሣን በላባ ማጥመድ የተማረው። መንጠቆው ላይ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ይጠመጥምበታል፤ ፈረንጁ በሐር ክር ያስረው የነበረውን አባዬ በእንሰት ቃጫ ያስረዋል። ውሃው ላይ ሲያርፍ ዝንብ ነው ብለሽ ትምያለሽ። ትል የሚሰኩትን አጥማጆች ይንቅ ነበር። «ትልማ ማንም ይሰካል» ይላል፣ ከንፈሩን አጣሞ።

የዚህ ነገር ወሩ ኅዳር ነው። በጥቅምት ወንዙ ገና የክረምቱን ጭቃ አልጨረሰም። ኅዳር ሲገባ ከጉመር ደጋ የሚወርደው ውሃ ቀጠን ብሎ ይጠራል፣ ከሥር ያለው ጠጠር ሳይቀር ይታያል። «አንቺ ዓሣውን ካየሽው እሱ ቀድሞ አይቶሻል» ይለኝ ነበር አባዬ። ስለዚህ ጎንበስ ብለን፣ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይዘን ነው የምንጠጋው። «ጥላሽን ውሃው ላይ አትጣይ!» ይህን ስንት ጊዜ እንደተቆጣኝ! ጧት ሳሩ አመዳይ ለብሶ ሳለ ዓሣው ከሥር ንቅንቅ አይልም። ፀሐይዋ ገደሉን አልፋ ውሃው ላይ ስታርፍ ጥቃቅን ዝንቦች መነሳት ይጀምራሉ። ያኔ ጸጥ ያለው ውሃ ላይ፣ እዚህም እዚያም፣ ክብ ክብ ይታያል። ዓሣው ወጣ ማለት ነው። አባዬ ትንፋሹን ይይዛል፤ እኔም እይዛለሁ።

ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመቱ፣ ባጃጅ የሚባል ነገር ወልቂጤ ውስጥ ሳይታወቅ፣ አባዬ ታመመ። ጨጓራ ነው አሉ፣ ጉበት ነው አሉ፤ ብቻ የበላው አይረጋለትም። ቆጮውንም ገንፎውንም ይመልሰዋል። የሚረጋለት የዓሣ መረቅ ብቻ ነበር። እናቴ ቀድማ ሞታለች፤ ቤቱ ውስጥ እኔና እሱ ነን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ልጃገረድ ነበርኩ። የማጥመጃ ሸምበቆዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወደ ወንዝ ስወርድ ሰፈሩ «ወንዳ ወንድ» ይለኛል። ይበል! አባቴ የሚኖረው በዚያ ሸምበቆ ነው። ከመሻገሪያው በታች ወንዙ ተጠምዝዞ ኩሬ የሚሠራበት፣ እኔና አባዬ ብቻ የምናውቀው ቦታ ነበረን። ከዚያ ባዶ እጄን የተመለስኩበትን ቀን አላስታውስም።

ከአባዬ የተረፈውን ዓሣ ለአንድ ሆቴል እሰጥ ነበር። የሆቴሉ ልጅ በር ላይ ቆሞ ይቀበለኛል። «የወንዟ እመቤት መጣች!» ይላል፣ ይስቃል። ጥርሱ ደግሞ ሲያምር፣ የተረገመ! ልዋሽሽ አልችልም፣ ወደድኩት። የገና ጾም ሊገባ ሲል፣ «ከየት ነው የምታመጪው? እኔም አብሬሽ ልቀመጥና ልይ» አለኝ። ወስጄ አሳየሁት። እኔ ጎንበስ ብዬ ስጠጋ እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ ቀጥ ብሎ ኩሬው አፍ ላይ ቆመ። ጥላው ከዳር እስከ ዳር ውሃው ላይ ተዘረጋ። ዓሣው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። ያኔ ነበር መባነን። እኔ ግን ከጎኑ ቆሜ እየሳቅኩ ነበር።

ጾሙ በገባ ሰሞን ለአባዬ ላጠምድ ስወርድ ኩሬው አረፋ ይዟል። ዳሩ ላይ የተወቀጠ ብርብራ ተደፍቷል። የብርብራ ፍሬ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓሣውን ያሰክረዋል፤ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ትልልቁ ተለቅሟል። ጣት የማያክለው የዓሣ ጫጩት ግን ቄጠማው ሥር ነጭ ሆዱን ሰጥቶ ቀርቷል። ወደ ሆቴሉ እየሮጥኩ ሄድኩ። ደጁ ላይ በጠመኔ «የጾም ዓሣ አለ» ተብሎ ተጽፏል። የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ ተኮልኩሎ አጥንት ይለቅማል።

«ምነው?» አልኩት ልጁን። «ያ የአባቴ ጉሮሮ ነው። ነግሬህ የለም?»

«ወንዝ የአባትሽ ነው እንዴ?» አለኝና ትሪውን ይዞ ገባ።

ቆሽቴ አረረ። ቤት ስደርስ አባዬ ከአልጋው ቀና ብሎ «መረቋ ደረሰች?» አለኝ። ድንች ቀቅዬ ውሃውን ሰጠሁት፤ መለሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ወረድኩ። ላባዬን ብጥል፣ ብጥል፣ ውሃው ላይ አንድ ክብ የለም። አባዬ እየመነመነ፣ እኔ «ቆይ አንተን!» እያልኩ ሰነበትን።

እግዜር ደግሞ አያሳፍርም። በገበያ ቀን፣ ከመሻገሪያው በላይ ስሞክር እሱ ብርብራ የሞላ ከረጢት ይዞ መጣ። ያኛውን ኩሬ ጨርሶ የላይኛውን ሊቀጥል ነው። ልብሱን ዳር ላይ አውልቆ በሙታንታ ገባና ወንዙ መሀል ያለው ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ላይ ወጣ። እኔ ግን ቀና ብዬ አየሁ። በአረቅጥ በኩል ሰማዩ ያለ ወቅቱ ጠቁሯል። ውሃው ላይ የጭድ ስብርባሪና የባሕር ዛፍ ቅጠል መምጣት ጀምሯል፣ አፈር አፈር ይሸታል።

«ውጣ! ውሃ እየመጣ ነው!» አልኩት። አዎ፣ ነግሬዋለሁ።

«በኅዳር?» ብሎ ሳቀ። «ዓሣሽን ልታስጥይኝ ነው አይደል?»

ሁለተኛ አልተናገርኩም። ወዲያው ከላይ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ድምፅ መጣና ደራሽ ጎርፍ ወንዙን ሞላው። ልብሱን ጠርጎ ወሰደው። እሱ ከረጢቱን እንደ ሕፃን አቅፎ ድንጋዩ ላይ ቀረ። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ መሻገሪያው ተዘግቶበት ዳር ላይ ተከማቸ። አህያ የሚነዱ አንድ አዛውንት እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አዩት።

«ያ አላህ! ይሄ የማን ልጅ ነው?»

«የሆቴሉ ልጅ ነው አባባ።»

«ምን ሊሠራ ወጣ?»

«ብርብራ ሊጨምር።»

«ከብቶቻችን በሚጠጡት ውሃ?» አሉ፣ ሊፈቱት የጀመሩትን የጭነት ገመድ መልሰው እያሰሩ። ከዚያ አዘኑለት መሰለኝ፣ «ቢሆንም ወላሂ፣ ነፍስ ነው» አሉ።

«ገመድ ቢወረወርለት ውሃው ይወስደዋል፣ አባባ። የዚህ ድንጋይ አናቱ በክረምትም አይሸፈንም፣ አባቴ ነው የነገረኝ። እስኪጎድል ቢቀመጥ ይሻለዋል።»

እውነቴን ነበር። እውነቱ ከበቀሌ ጋር መግጠሙ የእኔ ጥፋት አይደለም።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። የገበያ ሰው ነውና አንዱ «ዓሣው ስንት ነው?» እያለ ይጮኽበታል። ልጁ ይንቀጠቀጣል። «እህቴ! በእናትሽ! አንድ ነገር አድርጊ!» አለኝ።

«ወንዝ የአባቴ አይደለም!» አልኩት ጮክ ብዬ። «እኔ ምን ላድርግ?»

እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እየበረርኩ ቤት ገባሁና ለአባዬ አንድ በአንድ አጫወትኩት። ሳቀ። እንባው እስኪወርድ፣ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከታመመ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገና «ታዲያ ራቁቱን ነው?» አለኝ።

«በሙታንታ።»

«በዚህ በኅዳር ብርድ?»

አባዬ እናቴ የፈተለችለትን፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን ሰማያዊ ጥለት ያለውን ጋቢ ከትከሻው አወረደ። «ውሰጂለት» አለኝ።

«ሞቼ ነው!»

«አንቺ እንዳሻሽ ተበቀይ። እኔ ነኝ የላክሁሽ፣ የእኔን አድርሺ።»

እያለቀስኩ ወረድኩ፤ የንዴት ለቅሶ ነው። ውሃው ጎድሎ፣ ሰዉ ሄዶ፣ እሱ ዳር ላይ ጉልበቱን አቅፎ ጥርሱን ያንቀጫቅጫል። ጋቢውን ፊቱ ላይ ወረወርኩለት። «አባቴ ነው የላከልህ። ለእኔ ቢሆን እዚያው ደርቀህ ትቀር ነበር» አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። «ነገ እመልሳለሁ» አለ።

ነገ አልመጣም፣ ከነገ ወዲያም አልመጣም። ሆቴሉ ሄድኩ። እናቱ ከባንኮኒው ኋላ ሆና «የምን ጋቢ? ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብላ ማለች። የጓዳው መጋረጃ ላይ ግን ጥላው ይታየኝ ነበር፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ። ከተማው ሁሉ ሳቀበት አይደል? እሱም የተበቀለኝ በጋቢው ነው።

የታኅሣሥ ብርድ ሲበረታ አባዬ ላይ የቤቱን ጨርቅ ሁሉ ደራረብኩለት። «አይሞቀኝም» ይላል። «ጋቢዬ መጣ?»

«ነገ ይመጣል አባዬ።»

ገና ሳይደርስ ሞተ። የገነዝነው ጎረቤት ባዋሰን ጋቢ ነው።

ዛሬ ያ ሰው ፎቅ ሠርቷል። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ «እንደምን ነሽ፣ እህቴ?» ብሎ እጁን ይዘረጋል። ይቅር በይው ይሉኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም! እግዜር ይቅር ይበለው፤ እኔ ግን ለቅሶ ቤት በገባሁ ቁጥር የለበሰውን ጋቢ ጠርዝ አያለሁ፣ ሰማያዊ ጥለት እፈልጋለሁ።

ያን የገበያውን አውራ ዶሮ ገዛሁት። አንድ ላባ ነቅዬ የአባዬ መንጠቆ ላይ በቃጫ አሰርኩና መስኮቱ ላይ ሰካሁት። ጧት ጧት ብርዱ በዚያ መስኮት ሲገባ ላባው ይንቀጠቀጣል። «ጋቢዬ መጣ?» ይለኛል።

ነገ ይመጣል፣ አባዬ፣ እለዋለሁ።