የቡድኑ ወጌሻ

ቡጎሎቢ በሚባለው ሰፈር ባለችው ምግብ ቤታችን ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለችውን ጠረጴዛ ማንም አይወዳትም፤ አንገት ታሳምማለች። ኮሮና ጋብ ባለበት ዓመት ግን፣ የአገሩ አትሌቶች ለውድድር ውጭ አገር በሄዱ ሰሞን፣ አንዲት ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት መጥታ እዚያች ላይ ተቀመጠች። የአገሯን ብሔራዊ ቡድን ቱታ ለብሳለች። ቱታው አዲስ ነው፤ የእጥፋቱ መስመር እንኳ አልጠፋም። ጥፍሮቿ እስከ ሥጋቸው ተቆርጠዋል። ያዘዘችው ሻይ ብቻ ነው።

«ማማ፣ ከቡድኑ ጋር ነዎት እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ወጌሻቸው ነኝ» አለች፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። «ፌዴሬሽኑ ቱታ ሲያዝ ስሜ ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። በኋላ በጀት አነሰ ተባለና በእኔ ቦታ አንድ ኃላፊ ሄደ። ቱታው ግን በልኬ ተሰፍቶ መጣ።»

ኃላፊው እዚያ ማንን እንደሚያሽ እንጃ! እሷ ግን ስታወራው አላማረረችም። ውድድሩን በሚያሳየው ቴሌቪዥን ላይ አንዲት ሯጭ ብቅ ስትል ብቻ ወንበሯን ወደፊት ሳበች።

«ያውቋታል?»

«እግሯን አውቀዋለሁ። ግራው ቶሎ ይከዳታል።»

ልጅቷ ስድስተኛ ወጣች። ወዲያው ጎንበስ ብላ የግራ ባቷን ያዘችና ሰው እንደሚፈልግ ዞር ዞር አለች። ሴትዮዋ ሳይታወቃት መዳፎቿን እርስ በርስ ማሸት ጀመረች። ረጅም ጊዜ አሸቻቸው። ከሞቁላት በኋላ የምታሳርፍበት እግር አጣችና የቀዘቀዘውን የሻይ ብርጭቆ በሁለቱም አቅፋ ያዘች።